ስንኙን የያዘውና ሒሳቡን የያዘችው፦ ፈራኢድ በግጥም የተማረበት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ያለ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የገጠር ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰቆጣ ወጣ ባለ ቀበሌ አንድ አባወራ ሞቶ፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ውርሱን ለማካፈል ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኛም ከኢማማችን ጋር ተጠርተን ሄድን። ሟቹ የተወው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ነው። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ከብቱ፣ ፍየሉ፣ የንብ ቀፎውና ቤቱ ተገምቶ 144,000 ብር ሆነ።

ኢማማችን አብሮን የመጣውን ደረሳ "እስቲ በል" አሉት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ የውርስ ድርሻዎችን የሚዘረዝረውን የዐረብኛ ግጥም ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ አወረደው። ቤቱ ሁሉ "ማሻአላህ" አለ። ከዚያ ኢማሙ "ጎበዝ! ታዲያ ለልጅቷ ስንት ብር ይደርሳታል?" ሲሉት ዝም አለ። እኛም፣ ሐቁን እንናገርና፣ ብዕርና ወረቀት ፍለጋ ኪሳችንን መዳበስ ያዝን። በዚህ መሀል ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ምን ያስጨንቃችኋል? ልጅቷ ነገ ታገባለች፤ 25 ሺህ ይበቃታል" አሉ። አንድ ሁለት ሰውም "እውነት ነው" አለ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማ ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል ተምራለች። "አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእናቴንና የአያቴን ድርሻ ብቻ ንገሩኝ" አለች። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ መሆኑ ተነገራት። ጥቂት ቆይታ "ለእናቴ 18,000፣ ለአያቴ 24,000። የቀረው 102,000 ነው። ለወንድሜ የእኔ እጥፍ ከሆነ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ 34,000 የእኔ፣ 68,000 የእሱ ነው" አለች። ኢማማችን በጣታቸው ቆጥረው "ሐቅ ነው" አሉ። 25 ሺህ ያሉት ሽማግሌም "አላወቅሁም ነበር፣ አፉ በሉኝ" ብለው ጉዳዩ በሰላም አለቀ።

ልዩነቱ 9,000 ብር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከብሩ ይልቅ ሌላ ነገር ከአእምሯችን አልወጣም። ስንኙን የያዘው ልጅ ሒሳቡን አልያዘም፤ ሒሳቡን የያዘችው ልጅ ስንኙን አልያዘችም። አንዱ ዕውቀት ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከመጋረጃው ወዲህ ሌላው ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ነበር። ልጅቷ ባትናገር ኖሮ ሐቋ በሊቃውንት ፊት፣ ግጥሙ እየተነበበ፣ ይጠፋ ነበር።

የቀደሙት ዑለሞች ግን ሁለቱን በአንድ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። እንዴት እንደነበር እንመልከት።

◆ ሚንበር ላይ የተመለሰው ጥያቄ

በፈራኢድ ኪታቦች "አልሚንበሪያ" የሚባል መስአላ አለ። ዓሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በኩፋ ሚንበር ላይ ሆነው ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ ሰው ጠየቃቸው ይባላል። ሟቹ ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ትቷል፤ ለሚስቲቱ ስንት ይደርሳታል? ኹጥባቸው በአንድ ድምፅ እየተዘጋ የሚሄድ፣ ቤት የሚመታ ንግግር ነበር። እሳቸውም ሳያቋርጡ፣ በዚያው ቤት መምቻ፣ ስምንተኛዋ ዘጠነኛ ሆነ ብለው መልሰው ኹጥባቸውን ቀጠሉ።

ይህ መልስ እንዴት መጣ? በዋግ ደጋ ሁሉም በሚያውቀው በፍየል እንቁጠረው። ሟቹ 24 ፍየል ትቷል እንበል። ለሚስት ስምንተኛው 3 ነው። ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛው 16 ነው። ለአባት ስድስተኛው 4፣ ለእናት ስድስተኛው 4። ሲደመር 27 ይሆናል። ፍየሉ ግን 24 ብቻ ነው!

ማን ይቀነስበት? ደካማው? ሴቷ? ዑለሞቹ የያዙት መንገድ ከማንም ለይቶ አይነጥቅም። ንብረቱ በ24 መከፈሉ ቀርቶ በ27 ይከፈላል። ሚስት ከ27ቱ 3፣ እያንዳንዷ ልጅ 8፣ አባት 4፣ እናት 4 ይደርሳቸዋል። ጉድለቱ ሁሉም ላይ እንደየድርሻው ያርፋል። የሚስቲቱ 3 ከ24 ስምንተኛ ነበር፤ 3 ከ27 ደግሞ ዘጠነኛ ነው።

ይህ አሠራር "ዓውል" ይባላል። መጀመሪያ የተሠራበት በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን ነው። ያኔ ባልና ሁለት እህቶች ወራሽ ሆነው ግማሹና ሁለት ሦስተኛው ከንብረቱ በለጠ፤ ከስድስት ወደ ሰባት ከፍ ተደረገ። ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ.) ኋላ በዓውል ላይ የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። ብዙኃኑ ዑለማ ግን በዚያው ጸና። ባለዕዳ ሞቶ ንብረቱ ዕዳውን ሁሉ ባይሸፍን አበዳሪዎቹ ጉድለቱን በየድርሻቸው እንደሚካፈሉት ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ቤት መምቻውም ክፍልፋዩም አብረው ናቸው። የዓሊይ (ረ.ዐ.) መልስ ቤት ባይመታ ኖሮ ሰው ለ1,400 ዓመት በቃሉ ይዞት አይቆይም ነበር። ሒሳቡ ባይሰምር ደግሞ ቃሉ ብቻውን ዋጋ ባልነበረው።

◆ ግጥምን የቆጠረው ሰው

በእስልምና ሥልጣኔ ግጥምና ቁጥር ከጥንት ጎረቤት ናቸው። በ2ኛው ሂጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ የኖሩት ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አልፈራሂዲ የዐረብኛን ግጥም ሚዛን ያወጡ ሰው ናቸው። የሚንቀሳቀሰውንና የሚያርፈውን ፊደል እየቆጠሩ 15 ሚዛኖችን በአምስት ክብ ውስጥ አስቀመጡ። 16ኛውን አልአኽፈሽ እንደጨመረ ይነገራል።

እኚሁ ሰው መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ከ28 ፊደላት፣ አንድም ፊደል ሳይደገም፣ ስንት ቃል ሊሠራ ይችላል? ባለሁለት ፊደሉ 28 በ27 ሲባዛ 756 ነው። ባለሦስቱ 19,656፣ ባለአራቱ 491,400፣ ባለአምስቱ 11,793,600። ድምሩ 12,305,412 ይሆናል። ይህ ስሌት በስማቸው ተላልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስልካችሁን አውጡና አባዙት፤ አንድም አይጎድልም።

ስለ አሟሟታቸው የሚተረከው ደግሞ ለእኛ ለገበያተኞች ልጆች ልብ ይነካል። አንዲት አገልጋይ ልጅ ሱቅ ሄዳ ባለሱቁ እንዳያታልላት የሚያደርግ ቀላል የሒሳብ ዘዴ ለመፍጠር ሲያስቡ፣ በሐሳብ ተውጠው ወደ መስጊድ ገቡ፤ ከምሰሶ ተጋጩና በዚያው ምክንያት ሞቱ ይባላል። የግጥም ሊቅ የመጨረሻ ሐሳቡ የአንዲት ድሀ ልጅ ሳንቲም ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በኸሊፋ መእሙን ዘመን በባግዳድ የጻፉት አልኸዋሪዝሚም እንዲሁ ናቸው። ዓለም "አልጀብራ" ብሎ የሚጠራው ዕውቀት ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ኪታብ ነው። ሰፊው የኪታቡ ክፍል ግን ስለ ውርስና ኑዛዜ አከፋፈል ነው። ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለ ልጃችን "ይህ ኤክስ ለምን ይጠቅመኛል?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ከጥንት መልሶቹ አንዱ ለሙታን ቤተሰብ ሐቅ የሚል ነው።

◆ የገጣሚዎች አህያ

ዑለሞቹ ትምህርትን በግጥም ሲያስይዙ በብዛት የመረጡት ሚዛን "ረጀዝ" ይባላል። "ሙስተፍዒሉን" የሚለው ቃል በአንድ ቤት ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። ቃሉ በሚዛን አቆጣጠር ሰባት ፊደል ነው፤ ሙሉው ቤት 42 ፊደል ይሆናል ማለት ነው። የቤቱ ሁለት እኩሌታዎች እርስ በእርስ ቤት ስለሚመቱ ገጣሚው አንድ ድምፅ ፍለጋ መቶ ስንኝ መልፋት የለበትም። ዐረቦች ይህን ሚዛን "የገጣሚዎች አህያ" ይሉታል። ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይጋልበዋል፤ የጫኑበትንም ይሸከማል። ነሕውም ፊቅህም ሒሳብም ተጭኖበታል። አህያ ባይኖር ጨው ደጋ እንደማይወጣ የምናውቅ የዋግ ሰዎች ይህን ስም እንደ ስድብ አንሰማውም!

ፈራኢድን በረጀዝ የጫኑት በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ከምትገኘው ረሕባ የሆኑት ሙሐመድ ኢብኑ ዓሊይ አርረሕቢ ናቸው፤ በ6ኛው ሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩ የሻፊዒይ ዓሊም። ግጥማቸው "ረሕቢያ" ይባላል፤ ከ170 በላይ ቤቶች አሉት። በዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) መንገድ ውርስን ከእነ ምክንያቱና ከእነ ከልካዩ ያስተምራል።

በዚያው ዘመን በምዕራቡ ጫፍ የፌዙ ኢብኑ አልያሰሚን ነበሩ። እንደ እናታቸው ጥቁር እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በማራካሽና በሴቪል አስተምረው በ601 ሂጅራ (1204 እ.ኤ.አ.) ሞቱ። እሳቸው በረጀዝ የጫኑት አልጀብራን ነው። ስድስቱን የእኩልታ ዓይነቶች በሃምሳ ጥቂት ፈሪ በሆኑ ቤቶች አስቀመጧቸው። ከጊዜ በኋላ በካይሮ የአዝሀር መስጊድ ሰዓት ቆጣሪ የነበሩት ሲብጥ አልማሪዲኒ ለረሕቢያም ለያሰሚኒያም ሸርሕ ጻፉ። የአንድ ሰው ብዕር ሁለቱን ግጥሞች ፈታ። ለእሳቸው የውርሱ ግጥምና የአልጀብራው ግጥም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

◆ ሚዛኑ የሚይዘውና የማይዘው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ግጥም ትምህርትን እንዴት ይጠብቃል? ደረሳው አንድ ቃል ከዘለለ ሚዛኑ ይሰበራል፤ ጆሮው ራሱ "ጎደለ" ይለዋል። ወረቀት ውድ በሆነበት፣ ኪታብ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ይህ ትልቅ ጥበቃ ነበር።

ነገር ግን ሚዛን የማይዘው ስህተት አለ። ሱልስ (ሲሶ)፣ ሩብዕ (ሩብ)፣ ሱድስ (ስድስተኛ)፣ ሱምን (ስምንተኛ)፤ እነዚህ ቃላት በዐረብኛ ሚዛናቸው አንድ ነው። ደረሳው "ሱምን" ማለት ሲገባው "ሱድስ" ቢል ግጥሙ አይሰበርም፤ ጆሮም አይነቃም። የሚነቃው ሒሳቡ ነው። በሚንበሪያው መስአላ የሚስቲቱን ስምንተኛ በስድስተኛ ብትለውጡት ድምሩ 27 መሆኑ ቀርቶ 28 ይሆናል። ፈራኢድን የቀራ ሁሉ ደግሞ 24 ከፍ ቢል ወደ 27 ብቻ እንደሚሄድ ያውቃል። 28 ሲያይ "አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ" ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ግጥሙ የጎደለውን ቃል ይጠብቃል፤ ሒሳቡ የተለወጠውን ይጠብቃል። አርረሕቢም ይህን ስላወቁ ግጥማቸውን ድርሻ ዘርዝረው አልጨረሱትም። ከድርሻዎቹ በኋላ "ባቡል ሒሳብ" የሚባል ምዕራፍ አለ። ሰባቱ መነሻ ቁጥሮች፣ ማለትም 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24፣ ከእነሱም ዓውል የሚነካቸው ሦስቱ፣ 6 እና 12 እና 24፣ ይማሩበታል።

◆ አሞሌና ደረሳ በሰቆጣ

ወደ አገራችን እንመለስ። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ደጋ ይወጣል፤ ከሰቆጣ ደግሞ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ሌላውም ይሄዳል። አሞሌ ቅመም ብቻ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገንዘብም ነበር። ዋጋውም እንደ ርቀቱ ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ለአንድ ማርትሬዛ ብር የሚሰጠው አሞሌ ቁጥሩ ያንሳል። በመንገድ የተሰበረው ዋጋው ይወርዳል። በዚህ ንግድ ውስጥ የሙስሊም ነጋዴዎች ድርሻ ትልቅ ነበር። ትርፍ የሚካፈል ሸሪክ፣ ዘካ የሚያወጣ ባለሀብት፣ በመንገድ የሞተ ነጋዴን ውርስ የሚያካፍል ቃዲ፣ ሁሉም ክፍልፋይ ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ገበያ ልጅ መድረሳ ሳይገባም ክፍልፋይ ይማራል።

ኪታብ የፈለገ ልጅ ወደ ወሎ ይወርዳል። የየጁዋ ዳና፣ የቃሉዋ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ እነዚህ የዕውቀትም የመንዙማም አምባዎች ናቸው። በወሎ ግጥም የዒባዳም የትምህርትም መሣሪያ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር አማርኛን በዐረብ ፊደል እየጻፉ፣ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ ሊያዜመው የሚችል መንዙማ ትተዋል። የዋግ ልጅ ደግሞ ቤቱ ኽምጣና፣ ገበያው አማርኛ፣ ኪታቡ ዐረብኛ ነው። ሦስት ቋንቋ ለሚሻገር ልጅ ሳይለወጥ የሚከተለው ዜማና ቁጥር ነው።

ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም ተመሳሳይ ጥበብ አላቸው። ቅኔ በሚዘረፍበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ባሕረ ሐሳብም ይማራል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ19 መግደፍ፣ ከቀሪው አንድ መቀነስ፣ ያንን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፉት አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፉት መጥቅዕ። ለ2018 ዓ.ም. አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው። እነሱም በቃል የያዙትን በቁጥር ይፈትሹታል። በግእዝ "አቡሻክር" የሚባለው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍም መነሻው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግብጻዊ ክርስቲያን በዐረብኛ የጻፈው ነው። ዕውቀት በዚህች አገር አጥር አይዘውም።

◆ የት ላይ ተለያዩ?

ያየነውን እንናገር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሒሳብን ወሰደ፤ መድረሳው ስንኙን ይዞ ቀረ። ደረሳው ረሕቢያን ይሐፍዛል፤ ባቡል ሒሳብ ላይ ሲደርስ "ይህ ለኋላ" ይባላል። ኋላው ግን አይመጣም። ልጅ ጠዋት ክፍልፋይ ይማራል፤ ማታ ድርሻ ይሐፍዛል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ግን የለም። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ፈራኢድን የምናስቀራ ጥቂቶች ነን። ነገሩ ከማንም በላይ የሚነካው እነሱን ሆኖ ሳለ!

አንዳንድ ወንድሞች "አሁን ስልኩ ሁሉን ያሰላል፤ ሒፍዙም ሒሳቡም ምን ያደርጋል?" ይላሉ። ስልኩ ይጠቅማል፤ አንቃወምም። ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በዋግ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሰው ያልተለየው በደረቱ የያዘው ብቻ ነበር። ሞትና ውርስ ደግሞ ኔትወርክ አይጠብቁም። ደግሞስ ስልኩ ውስጥ የገባው መረጃ ስህተት ቢሆን ማን ያውቃል?

እኛ በመድረሳችን የጀመርነው ትንሽ ነገር ነው። ደረሳው አንድ ምዕራፍ ካወረደ በኋላ "በፍየል አድርገህ አሳየን" ይባላል። ባቄላ ይደረድራል፤ ይቆጥራል፤ ካልሞላ ግጥሙን እንደገና ይላል። ሴት ልጆችም አብረው ይማራሉ። የሚገርመው፣ ሲቆጥሩ ግጥሙ የበለጠ ይጸናላቸዋል፤ "ይህ ስንኝ የሚንበሪያው ነው" እያሉ ያስታውሱታል።

መጨረሻ ላይ ወደዚያች ልጅ ውርስ እንመለስ። በኪታቡ መንገድ መነሻው 24 ነው። ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ቀሪው 17። ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ፣ በጠቅላላው ሦስት እጅ ነው፤ 17 ግን ለሦስት አይከፈልም። ይህን ዑለሞች "ኢንኪሳር" ይሉታል፤ መሰበር ማለት ነው። መድኃኒቱ "ተስሒሕ" ነው፤ ጤነኛ ማድረግ ማለት ነው። 24ን በ3 አባዝቶ 72 ማድረግ። ያኔ ሚስት 9፣ እናት 12፣ ወንድ ልጅ 34፣ ሴት ልጅ 17 ይወስዳሉ። ማንም አልተሰበረም። ልጅቷ 34,000 ብሯን ያገኘችው ከዚህ 17 ነው፤ ከ72ቱ እያንዳንዱ እጅ 2,000 ብር ነበርና።

ቁጥሩ ሲሰበር የሚጠግነው ካልተገኘ የሚሰበረው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጋረጃው ወዲያ ያለው። ልጆቻችን ስንኙንም ሒሳቡንም አብረው ይያዙ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ የቀደሙ መሻይኾቻችንን ይማርልን። ወላሁ አዕለም።